ሁለት ፍሬ ዳፕ

ሥራቸውን የሚያውቁ የችግኝ ሠራተኛ «እስቲ ችግኝ ያሳዩኝ» ሲባሉ ቅጠል አያሳዩም። ከመደቡ መካከል አንድ ፖት ያነሣሉ፤ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ይሰነጥቁታል፤ ላስቲኩን ገፈው አፈሩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ብርሃን ያዞሩታል። በወጨጫ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ያገኘኋቸው፣ ወጣቶቹ ሠራተኞች ሁሉ «እትዬ» የሚሏቸው ሴት ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ችግኙ የሐበሻ ጥድ ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም፤ ከላይ ለሚያየው ከጎረቤቶቹ የሚለይበት ነገር የለም። ከታች ግን ጫፋቸው የነጣ ቀጫጭን ሥሮች ከመሃል ወደ ዳር፣ ከአንገቱ እስከ ፖቱ መቀመጫ አፈሩን አዳርሰውታል። ተጠምዞ የተጠቀለለ የለም። በአንድ በኩል ብቻ የተከማቸ የለም። አፈሩን ቀስ አድርገው ቢያናውጡትም አልፈረሰም።

እንዲህ ያለ ሥር ዝም ብሎ አይገኝም፤ ተሠርቶ ነው። ሠሪዎቹም ከአንድ በላይ ናቸው። እትዬ አንዷ ናቸው። ሥሩ ራሱ ሌላው ነው። በዓይን የማይታይ ሦስተኛ ሠራተኛም አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን። ሁሉም በብርቱ የሚለፉት ደግሞ ለአንድ ንጥረ ነገር ነው፤ ለፎስፎረስ። ናይትሮጅን ቅጠል ያለመልማልና ወሬው ሁሉ የእሱ ነው። ፎስፎረስ የሚያደርገው ነገር ግን አብዛኛው ከመሬት በታች ስለሆነ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

ዘር ከእናቱ ስንቅ ይዞ ይወጣል። በዘር ውስጥ ካለው ፎስፎረስ አብዛኛው ፋይቲክ አሲድ በሚባል መልክ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ሲነቃ ቁልፉ ቀስ በቀስ ይከፈታል። በዚያ ስንቅ አዲሶቹ ሴሎች ይባዛሉ፤ እያንዳንዱ ሴል ለዘረ መሉ፣ ለሽፋኑም፣ ጉልበት ለሚያመላልስበት ሞለኪዩልም ፎስፎረስ ይፈልጋልና። የዝግባ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ ስንቁ ቡቃያውን ለሳምንታት ያቆየዋል። የኮሶና የባሕር ዛፍ ዘር ግን ደቃቅ ነው፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ በሺዎች ይቆጠራል። ስንቁም ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ፎስፎረስ ሲጨመርላቸው ደቃቅ ዘር ያላቸው ዛፎች ችግኞች ባለ ትልቅ ፍሬዎቹን ቀድመው ለውጥ የሚያሳዩት። ለዚህም ነው እትዬ ለሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት አፈር የማያዘጋጁት።

መጠኑን ያሰላሁት ከጉብኝቱ በኋላ ነው፤ ውጤቱም ለማመን አስቸገረኝ። ለተከላ የደረሰ፣ ሲደርቅ 4 ግራም የሚመዝን ችግኝ እንውሰድ። ከዚህ ክብደት ውስጥ ፎስፎረስ ከመቶ 0.2 ገደማ ነው፤ 8 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ዳፕ የምንለው ማዳበሪያ ከረጢቱ ላይ 18 እና 46 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈውበታል። 46ቱ ፎስፎረስ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ሲሰላ የሚገኘው ነው፤ ብቻውን ሲሰላ ከመቶ 20 ገደማ ይሆናል። ውፍረቷ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት የዳፕ ፍሬ ከ20 ሚሊ ግራም ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ከ4 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፎረስ ይዛለች። እንግዲህ ሁለት ፍሬ ዳፕ የአንድ ችግኝን ሙሉ የፎስፎረስ ድርሻ ይዟል ማለት ነው። ለአንድ ሺህ ችግኝ ሁለት ሺህ ፍሬ፤ በመዳፍ የሚያዝ ነገር።

ታዲያ ነገሩ የሁለት ፍሬ ዳፕ ከሆነ ጥበቡ ምኑ ላይ ነው?

ርቀቱ ላይ ነው። አፈሩ ራሱ እኮ ድሃ አይደለም። ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፖት ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። በኪሎ ግራም አፈር ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ቢኖር፣ 800 ግራም በምትመዝን ፖት ውስጥ 400 ሚሊ ግራም አለ፤ ችግኙ ከሚፈልገው 50 እጥፍ። ሆኖም ሥር የሚጠጣው በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ብቻ ነው። በቀይ አፈር ውስጥ ያ ውሃ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ቢይዝ፣ በፖቷ ውስጥ ባለች ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ከመቶ አንድ ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ችግኙ 8 ሚሊ ግራም እንዲሞላለት ያ ውሃ ከ600 ጊዜ በላይ ባዶ ሆኖ መሞላት አለበት።

ያ መሙላት ደግሞ ቶሎ አይሆንም። ናይትሬት ከውሃው ጋር ተከትሎ ወደ ሥር ይመጣል። ፎስፌት ግን በየመንገዱ በአፈሩ ቅንጣት ላይ እየተጣበቀ በአንድ ቀን የሚጓዘው ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ሥሩ በዙሪያው ያለችውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አፈር በቀናት ውስጥ ካራቆተ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሀብት ለእሱ እንደሌለ ነው። ወይ ሥሩ ራሱ ወደዚያ ይደርሳል፣ ወይ ሰው ወደ ሥሩ ያቀርብለታል፣ ወይ ሌላ ያመጣለታል። የችግኝ ጣቢያ ሥራ ሁሉ በዚህች አጭር ርቀት ላይ የሚደረግ ትግል ሆኖ ነው የታየኝ።

የወጨጫ አፈር ቀይ ነው። ቅላቱ የብረት ነው፤ ከብረቱ ጋር አሉሚኒየም አለ። ሁለቱም ፎስፌትን ሲያገኙ አጥብቀው ይይዙታል፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ ደግሞ መያዣቸው ይጠብቃል። ዳፕ ተጨምሮ በመጀመሪያው ዓመት ተክል የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከአሥር አንድ፣ ቢበዛ ከአምስት አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፍሬ አሥርም ሃያም መሆን ሊኖርበት ነው። ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የመጣ ማዳበሪያ አብዛኛው እዚያው ቀይ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ የገብስ ማሳውን አፈር እየቆለለ ከሥሩ እሳት የሚለኩስበት የቆየ ልማድ አለው፤ አፈር በእሳት ሲቃጠል የታሰረው ፎስፎረስ በከፊል ይፈታል። በአፈሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ቢሆንም፣ ያ ገበሬ ሀብቱ ከእግሩ ሥር ተቆልፎ እንዳለ ማወቁ ያስደንቀኛል።

ይህ ተራራ የጥድ አገር ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ቆሞ ያለው በወጨጫ ላይ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ጥድ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ስለዚያ ተከላ የምንጊዜም ጥያቄዬ የመጣው ዘር ብቻ ነበር ወይስ ከነአፈሩ የተነቀለ ችግኝ የሚለው ነው። ለምን እንደምጠይቅ ከታች ይገባል።

በመጀመሪያ ግን ሥሩ ራሱ የሚሠራውን እንይ። ፎስፎረስ ያጣ ችግኝ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዋናው ሥር ወደ ታች መውረዱን ያዘገያል፤ ጎንና ጎን የሚወጡት ሥሮች ደግሞ ብስባሽ ባለበት በላይኛው አፈር ውስጥ ይበዛሉ። በሥሩ ቆዳ ላይ ያሉት ጸጉሮች ይረዝማሉ፣ ይጠቀጠቃሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 ቤትስ እና ሊንች የተባሉ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ፎስፎረስ ሲጎድል የሥር ጸጉር በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚረዝም አሳይተዋል። ሥሩ አሲድ ያፈሳል፤ በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ የሚቆርጥ ኢንዛይም ያወጣል። ከላይ ደግሞ ያረጀው ቅጠል ያለውን ፎስፎረስ አውጥቶ ለለጋው ያስረክባል። ስለዚህ ጉድለቱ የሚታየው በታችኛውና ባረጀው ቅጠል ላይ ነው፤ ቀለሙ ጠቁሮ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ችግኙም ባለበት ይቆማል።

እትዬ ይህን ምልክት ሲያዩ አይቸኩሉም። የጥድ ቅጠል በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭም ይጠይማልና። መጀመሪያ የሚያዩት የጠየመው ጎን የቱ እንደሆነ ነው። ነፋስ በሚመታው በኩል ብቻ ከሆነ ብርድ ነው ብለው ያልፉታል። ከታች ተነሥቶ መደቡን በሙሉ ካዳረሰ፣ ለጋው ጫፍም መዘርጋቱን ካቆመ፣ አንዱን ፖት ሰንጥቀው ሥሩን ያያሉ። በዚህ መሃል ያጠፉት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዓይኑ ግን የብዙ ዓመት ነው።

አሁን ፖቱ ወደሚሞላበት የአፈር ድብልቅ እንምጣ። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች በብዛት የሚነገረው ልክ 3፣ 2፣ 1 ነው፤ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ ወይም የደን አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ይህን ልክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ዳፑን በቀጥታ ከቀይ አፈሩ ጋር አያገናኙትም። አስቀድመው፣ ፖት ከመሞላቱ ሳምንታት በፊት፣ እርጥብ ብስባሽ ውስጥ ያሳድሩታል። ምክንያቱን በራሳቸው ቋንቋ «ቀይ አፈር ይበላዋል» ይላሉ። ኬሚስትም ከዚህ የተለየ አይልም፤ ከብስባሽ የሚወጡት አሲዶች የብረቱንና የአሉሚኒየሙን መያዣ ቀድመው ስለሚይዙ ለፎስፌቱ የሚተርፈው ማሰሪያ ያንሳል። ሌላም ጥቅም አለው። ዳፕ ሲሟሟ በዙሪያው አሞኒያ ያወጣል፤ ለጋ ሥር ከተጠጋው ይለበልበዋል። ብስባሹ ውስጥ የከረመ ዳፕ ግን ያን ኃይሉን ጨርሷል።

ወንፊቱም የሙያው አካል ነው። እትዬ የደን አፈሩን በሰፊ ወንፊት፣ አሸዋውን በጠባብ ይነፋሉ።  ፖቱን ሲሞሉ ሦስት ጊዜ ያቆማሉ፤ ሲሶ ሞልተው በመዳፋቸው ቂጡን መታ መታ ያደርጉታል፣ እንደገና ይሞላሉ፣ እንደገና መታ ያደርጋሉ። ባዶ አየር ኪስ ከቀረ ሥሩ እዚያ ሲደርስ ይደርቃል፤ አለልክ ከተጠቀጠቀ ደግሞ አይገባበትም። ዳፕ ያለበትን ድብልቅ የሚያደርጉት በፖቱ የታችኛው ክፍል ነው። ላዩ የፎስፎረስ ትርፍ የሌለበት አፈር ነው። ሥሩ ወደ ታች የሚሄድበት ጉዳይ እንዲኖረው ነው።

አንድ ወጣት ሠራተኛ ጠየቃቸው፤

«እትዬ፣ ይኼ መደብ እኮ ቀጭጯል። ዳፕ ከላይ ለምን አይበትኑበትም?»

«ልጄ፣ ከላይ የበተንከው ከላይ ይቀራል። ዩሪያ ብትለኝ ውሃው ይዞት ይወርዳል። ዳፕ ግን የጣልከው ቦታ ነው የሚገኘው።»

ይህን የተናገሩት አንዱን ፖት ወደ ጎን አጋድመው፣ የላይኛዋን አፈር በጣታቸው ጫፍ እየለዩ ነበር። ሌላ ሠራተኛ የበተነው ፍሬ ፍርፋሪው እዚያው ነበር፤ ከእሱ በታች ያለው አፈር አንድም ሥር አልሳበም።

ሦስተኛው ሠራተኛ ፈንገስ ነው። የሥርና የፈንገስ ኅብረት ማይኮራይዛ ይባላል። አሠራሩን ሳስብ ከሰው እጅ ሥራ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የአንድ ቀጭን ሥር ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፈንገሱ ክር 0.005 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስልሳ እጥፍ ይቀጥናል። ስልሳ እጥፍ ቀጭን የሆነ ክር ደግሞ በዚያው መጠን ሥጋ 3,600 እጥፍ ይረዝማል። ዛፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ሥር በሚሠራበት ሀብት ፈንገሱ 36 ሜትር ክር ይዘረጋል ማለት ነው። ክሩ የተራቆተችውን ሁለት ሚሊ ሜትር አልፎ፣ ሥር በማይገባባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ሳንቲ ሜትሮችን ይሄዳል፤ ፎስፌቱን በራሱ ውስጥ ጭኖ ይመለሳል። ከዚያ በሥሩ ሴል ውስጥ ገብቶ ይቀረነጫፋል፣ ቅርንጫፉም ይቀረነጫፋል፤ በዚያ ቀጭን ገጽ ላይ ፎስፎረሱን አስረክቦ ስኳርና ቅባት ይቀበላል። ያ የተቀረነጫፈ አካል ዕድሜው ጥቂት ቀናት ነው፤ ፈርሶ በሌላ ይተካል። ተክሉ ከሚሠራው ምግብ ከመቶ 4 እስከ 20 የሚሆነውን ለዚህ ይከፍላል። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በተባለ ቦታ ድንጋይ የሆኑ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ተክሎች ተገኝተዋል፤ እውነተኛ ሥር ሳይኖራቸው በአካላቸው ውስጥ ይኸው የፈንገስ ኅብረት ታይቷል።

ኅብረቱ የሚጀምረው በጥሪ ነው። ፎስፎረስ ያነሰው ሥር ስትሪጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓናዊው ኮኪ አኪያማ እና ባልደረቦቹ ይህ ንጥረ ነገር የፈንገሱን ክር እንደሚያቀረነጭፍ አሳዩ። ከዚያ በፊት ሳይንስ ያንኑ ጥሪ የሚያውቀው በመጥፎ ነበር፤ የሰሜንና የምሥራቅ ኢትዮጵያ የማሽላ ገበሬ የሚያለቅስበት አቀንጭራ ዘሩ የሚነቃው በዚሁ ምልክት ነውና። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ለእ.ኤ.አ. 2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያበቃቸው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ፣ ከምስጢሩ አንዱ ሥሩ ይህን ምልክት በጥቂቱ የሚያወጣ መሆኑ ነው። የተራበ ሥር ወዳጁን የሚጠራበት ድምፅ ጠላቱንም ያነቃል።

የእትዬ ቁጥብነት ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። ፎስፎረስ የጠገበ ሥር አይጠራም። ዳፕ በእፍኝ የተሰጠው ችግኝ ጥሪውን ይተዋል፣ ፈንገሱም አይመጣም፤ ችግኙ በችግኝ ጣቢያው ውስጥ ያምራል። ቅጠሉ ይሰፋል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ሥሩ ለቅጠሉ አይመጥንም። ተራራ ላይ ሲተከል ግን ዳፕም የለ፣ ወዳጅም የለ። ፎስፎረስ የነፈጉት ችግኝ ደግሞ ለፈንገሱ የሚከፍለው ስኳር እንኳ አይኖረውም። ትክክለኛው መጠን በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ያደገ ግን ያልጠገበ ችግኝ የሚሠራባት።

ይህች ጠባብ ቦታ ለጥድና ለዝግባ የግድ ናት። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተስፋዬ ውበት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት በደረቅ ደጋ ደኖቻችን ውስጥ የመረመሯቸው አገር በቀል ዛፎች የፈንገሱ ኅብረት እንዳላቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጎን ለጎን የሚያድጉት ጥድና ዝግባ በሥራቸው ላይ የሚያኖሩት የፈንገስ ማኅበር የተለያየ መሆኑን አሳየ። ዴንማርካዊው አንደርስ ሚኬልሰን ከዚያ አስቀድሞ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ችግኝ ጣቢያዎች ያሉ ችግኞችን ሥር መርምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሮዘንዳል ከተባለ ተመራማሪ ጋር ፈንገስን፣ ፎስፎረስንና ድርቅን በአንድነት በግራርና በሉኪንያ ችግኞች ላይ ፈትነዋል። ሦስቱን በአንድ ሙከራ ማገናኘታቸውን አደንቃለሁ፤ ችግኝ በውጭ የሚገጥመው ሦስቱንም አንድ ላይ ነውና።

እትዬ ጥናቱን አላነበቡም። የጥድ ፖት የሚሞሉበትን የደን አፈር የሚያመጡት ግን ካረጀ ጥድ ሥር፣ የዝግባውን ከዝግባ ሥር ነው። ከላይ ያለውን ያልበሰበሰ ቅጠል ጠርገው፣ ቀጫጭን ሥር ያለበትን ጥቂት አፈር ብቻ ይወስዳሉ፤ ደኑን እንዳያራቁቱ ከአንድ ዛፍ ሥር ሁለተኛ አይደግሙም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖርቶ ሪኮ ተተክሎ አልይዝ ሲል የኖረው ፓይን የተባለ ዛፍም፣ ከፓይን ደን የመጣ አፈር ሲጨመርለት ነበር የተነሣው። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥድ ከነአፈሩ መጥቶ ከሆነ፣ ወጨጫ ላይ የተተከለው ጥድ ብቻ አልነበረም።

ልክን በተመለከተ ከሁሉ የረቀቀውን ሥራ የሠራው ስዊድናዊው ቶርስተን ኢንጌስታድ ይመስለኛል። የበርች ችግኞችን እየመዘነ፣ ለ100 እጅ ናይትሮጅን 65 እጅ ፖታሲየምና 13 እጅ ፎስፎረስ ብቻ እንደሚበቃ አገኘ። ከዚያም በላይ ምግቡን በአንድ ጊዜ አልሰጠም፤ ችግኙ በየቀኑ በሚያድግበት ልክ በየቀኑ እየጨመረ ሰጠው። ትንሽ ችግኝ ትንሽ፣ ያደገ ችግኝ ብዙ። በእኛ ጣቢያዎች ይህን የሚያደርግ ቱቦና መለኪያ የለም። የእትዬ ዳፕ የከረመበት ብስባሽ ግን ፎስፎረሱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ሥሩም ወደ ታች በወረደ ቁጥር የበለጠ ስለሚያገኝ፣ ወደዚያው ሐሳብ በሌላ መንገድ የቀረበ ነው።

በጣቢያው ዳርቻ የቆመው የግራቪሊያ መደብ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ግራቪሊያ የመጣው ከምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ የቤተሰቡ አባላት አብዛኞቹ በፈንገሱ ላይ አይደገፉም። በእሱ ፈንታ ሥራቸው ላይ ቦታ ቦታ እየመረጡ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠቀጠቁ አጫጭር ሥሮች ያወጣሉ፤ ሄለን ፐርኔል እ.ኤ.አ. በ1960 መልካቸውን በዝርዝር ጽፋለች። ብሩሹ ለጥቂት ቀናት ሲትሪክ አሲድ አፍስሶ በብረት የታሰረውን ፎስፎረስ ያስለቅቃል፤ ይጠጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ይሞታል። ይህ ዛፍ ዳፕ ሲበዛበት ብሩሹን መሥራት ይተዋል፤ ከዘመዶቹ መካከል በፎስፎረስ ብዛት ቅጠላቸው የሚቃጠል አሉ። እትዬ የግራቪሊያን ፖት ያለ ዳፕ ነው የሚሞሉት። «ለእሱ አይሆነውም» ነው ያሉኝ፤ አንዱንም ሰንጥቀው ብሩሹን አሳዩኝ፣ ከሥሮቹ መካከል ነጭና ጥቅጥቅ ያለ።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ ሙያ የሚከፈለው በተሞላ ፖት ቁጥር መሆኑ ነው። ሦስት ጊዜ አቁሞ መታ መታ የሚያደርግ ሰው በቀን የሚሞላው፣ በአንድ ጊዜ ከሚጠቀጥቀው ያነሰ ነው፤ ደመወዙም ያነሰ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። ቁጥር መቁጠር ቀላል ስለሆነ ይቆጠራል። በዚያ ብዛት ውስጥ ግን የእያንዳንዱ ችግኝ ዕድል ተወስኖ የቆየው ከወራት በፊት፣ በወንፊቱ አጠገብ፣ በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ እጅ ሙያ መሆኑ ታውቆ እንዲከፈለው እፈልጋለሁ።

እትዬ ለተከላ ወደ ተራራው ከሚወጡት ጋር ይወጣሉ። ከግንቦት ጀምሮ ጥላውን ቀንሰው፣ ውሃውን አራርቀው ያላመዱትን ችግኝ በሰው እጅ ብቻ ትተው አይቀሩም። ጉድጓዱ ሲቆፈር የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ቀይ ለብቻ እንዲቆለል ያደርጋሉ፤ ሲመለስ ጥቁሩ ከሥሩ ጋር ይገባል። ማዳበሪያ የያዘ ካለ ከችግኙ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ በጎን እንዲቀብረው፣ ከሥሩ ጋር እንዳያነካካው ይነግሩታል። አንገቱ ከመሬት ጋር እኩል መሆኑን በጣታቸው ይፈትሻሉ። ከዚያ ከየተካዩ የተገፈፈውን ላስቲክ ይሰበስቡና ተራራው ላይ ቁጭ ብለው ይቆጥሩታል። የላስቲኩ ቁጥር ከችግኙ ከጎደለ ከነላስቲኩ የተቀበረ አለ ማለት ነው፤ ተነሥተው እስኪያገኙት ይፈልጉታል።